እጀታው ለማን እጅ ተሠራ?
በቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች መያዣ ላይ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

የአገራችን ገበሬ ማረሻውን ከቀጥቃጭ ይገዛል፤ እርፉን ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠርባል። ለምሳሩ ዛቢያ ሲመርጥም እንጨቱን በመዳፉ አገላብጦ፣ ጨብጦና ወዝውዞ ካልተስማማው ይጥለዋል። ቋንቋችንም ለዚህ ጉዳይ የሰጠው ቦታ ቀላል አይደለም፤ ለማረሻው እርፍ፣ ለመጥረቢያው ዛቢያ፣ ለቢላዋው እጀታ እያለ ለእያንዳንዱ መያዣ የየራሱን ስም አውጥቶለታል። በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው መያዣ ከስለት የማያንስ ነገር መሆኑን ያውቃል።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስንገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስለ ምላጩ ስለት፣ ስለ መርፌ መያዣው መንጋጋ፣ ስለ መቀሱ ጫፍ ቀጥ ማለትና መጉበጥ ብዙ እንነጋገራለን። ሐኪሙ ለሰዓታት የሚጨብጠው የመሣሪያው ሌላኛው ጫፍ ግን መነጋገሪያ ሲሆን እምብዛም አይታይም። መያዣው አልመች ብሎት የሚያጉረመርም ጀማሪ ካለ የሚሰጠው መልስ «ትለምደዋለህ» ወይም «ትለምጂዋለሽ» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን መልስ ለመተቸት የተዘጋጀ ነው። መልሱ ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ እጅ በእርግጥ ይለምዳል። ይሁን እንጂ እጅ የለመደው ነገር ሁሉ እጅን አይጎዳም ማለት አይደለም፤ እጅ ያልለመደውም ነገር ሁሉ ከእጁ ባለቤት ስንፍና የመጣ አይደለም።

እጅ እንዴት ይይዛል?

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ የእጅን አያያዝ በሁለት ዐበይት ክፍሎች ከፍሎ አሳይቷል። አንደኛው የኃይል አያያዝ ሲሆን ዕቃው በታጠፉ ጣቶችና በመዳፍ መካከል ይጨበጣል፤ መዶሻ እንደምንይዝ ማለት ነው። ሁለተኛው የጥንቃቄ አያያዝ ነው፤ ዕቃው በጣቶች ጫፍና ፊት ለፊቱ በሚመጣው አውራ ጣት መካከል ይያዛል፤ እስክሪብቶ እንደምንይዝ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጉልበት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ስሜትና ልከኛ እንቅስቃሴ ይሰጣል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የምላጩ መያዣ የተሻለ ዕድል የገጠመው መሣሪያ ነው። ተነቃይ ብሌድ የሚቀበለው የዛሬው መያዣ እ.ኤ.አ. በ1915 በአሜሪካ ከወጣው የሞርጋን ፓርከር ፈጠራ የመነጨ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ጠበብ ያለው ቁጥር 3 እንደ 10፣ 11 እና 15 ያሉትን፣ ሰፋ ያለው ቁጥር 4 ደግሞ ከ20 እስከ 24 ያሉትን ብሌዶች እየተቀበለ ኖሯል። ያው መያዣ ቆዳ በረጅሙ ለሚሰነጥቅ እጅም፣ በቁጥር 15 ፊት ላይ ለሚሠራ እጅም ይታዘዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠፍጣፋ ዘንግ በመሆኑ እጁን ወደ አንድ ቅርጽ አያስገድድም፤ ቀኝና ግራም አይለይም።

ቀለበት ያላቸው መሣሪያዎች፣ ማለትም መቀሱ፣ አርተሪ ፎርሴፕሱና የማዮ ሄጋር መርፌ መያዣ ግን እጁን ያስገድዳሉ። ከሁሉም በላይ መርፌ መያዣው ሁለቱን አያያዞች በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ጥርሶቹን ለመቆለፍ ጉልበት፣ መርፌውን በክብነቱ ልክ ለማዞር ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለዚህ ድርብ ሥራ የተሰጠው መገናኛ አውራ ጣትና የቀለበት ጣት የሚገቡባቸው ሁለት የብረት ክቦች ናቸው።

ቅርጹ ከየት መጣ?

ይህ ቅርጽ የእጅን ጠባይ በማጥናት የተገኘ አለመሆኑን ታሪኩ ያስረዳል። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማገባደጃ ድረስ ብዙ የቀዶ ሕክምና ቢላዎችና መጋዞች ከጥቁር እንጨት፣ ከቀንድ ወይም ከዝሆን ጥርስ የተሠራ፣ መዳፍ የሚሞላ እጀታ ነበራቸው። በ1880ዎቹ በእንፋሎት ማምከን እየተስፋፋ ሲመጣ እንጨቱም ጥርሱም እየተሰነጠቀ አልበረክት አለ። መሣሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት ሆነ፤ እጀታውም ቀጠነ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ በሽተኛውን ከኢንፌክሽን አድኗልና። ነገር ግን የተወሰነው በእጁ ሳይሆን በማምከኛው ፍላጎት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ቀለበቱም የመቀስ ውርስ ነው። ከዚያ በኋላ በጀርመን ቱትሊንገንም ሆነ በፓኪስታን ሲያልኮት የሚመረቱት መሣሪያዎች ይህንኑ ቅርጽ በሚያስደንቅ ታማኝነት ሲደግሙት ኖረዋል።

አምራቾች በእጀታው ላይ መልእክት ማስፈር እንደሚችሉ ግን አሳይተውናል። የወርቅ ቀለም የተቀባ ቀለበት ያየ ሁሉ መንጋጋው በተንግስተን ካርባይድ መጠናከሩን ያውቃል። ስለዚህ እጀታው ስለ መንጋጋው ይናገራል፤ ስለሚይዘው እጅ ግን ዝም ይላል። የጓንት ሳጥን ላይ ስድስት፣ ስድስት ተኩል፣ ሰባት፣ ሰባት ተኩል እያልን በግማሽ ቁጥር የምንከራከር ባለሙያዎች፣ ጓንቱን የለበሰው ጣት ለሚገባበት ቀለበት ግን ቁጥር ጠይቀን አናውቅም።

የቀለበቱ ጥቅምና ጉድለት

ትችት ሚዛኑን መጠበቅ ስላለበት አስቀድሞ ጥቅሙን መናገር ይገባል። የቀለበት እጀታ አሠራሩ ቀላል፣ ለማጠብና ለማምከን አመቺ፣ በአግባቡ ከተያዘም ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ነው። ጥርሱ ከተቆለፈ በኋላ ጣት ሳይደክም መርፌው ወይም ደም ሥሩ ተይዞ ይቆያል። ከእጅ ወደ እጅ ለማቀበልም ይመቻል።

ጉድለቱ የሚጀምረው አውራ ጣት ወደ ቀለበቱ ጠልቆ ሲገባ ነው። ትልቅ ጣት ያለው ሰው ይጣበቅበታል፤ ትንሽ ጣት ያለው ሰው ደግሞ መሣሪያው እንዳይዋልልበት ጣቱን እስከ አንጓው ይከታል። በሁለቱም መንገድ መሣሪያው የሚታዘዘው ለጣት ጫፍ መሆኑ ይቀርና እጅ አንጓው ተጣምሞ ክርን ወደ ውጭ ይወጣል። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ይህንን የሚያመልጡት ቀለበቱን ጨርሶ በመተው ነው፤ መርፌ መያዣውን በመዳፋቸው ጨብጠው፣ አመልካች ጣታቸውን ወደ ማጠፊያው ዘርግተው ይሰፋሉ። በሌላ አነጋገር ምርጥ ተጠቃሚዎቹ ዲዛይኑን ትተው ነው በደንብ የሚሠሩበት። ይህ ለአንድ ዲዛይን የሚያስመሰግን ምስክርነት አይደለም።

አማራጭ አልጠፋም። የማቲዩ መርፌ መያዣ ቀለበት የለውም፤ በመዳፍ ይጨበጣል፤ እየተጨበጠ ይቆለፋል፣ ይበልጥ ሲጨበጥ ይለቃል። ካስትሮቪዬሆ ደግሞ እንደ እስክሪብቶ ተይዞ ለዓይንና ለደቃቅ የደም ሥር ሥራ ያገለግላል። አንደኛው የኃይል አያያዝን፣ ሌላኛው የጥንቃቄ አያያዝን መርጧል። በአጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ትሪያችን ላይ ግን ሁለቱን ለማስታረቅ የሞከረው የቀለበት እጀታ ብቻውን ነግሧል፤ የነገሠውም ተወዳድሮ በማሸነፉ ሳይሆን የዕቃ ዝርዝሩ ከዓመት ዓመት እንዳለ ስለሚገለበጥ ይመስለኛል።

የግራኞች ነገር

ሬዚደንት በነበርኩበት ጊዜ አንድ ግራኝ ኢንተርን አብሮኝ ቁስል ሲሰፋ መርፌ መያዣውን በግራ እጁ አነሣ። «በቀኝህ ያዝ እንጂ፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ግራኝ የለም» አልኩት። «እሺ ዶክተር» ብሎ ወደ ቀኙ አዛወረው። ስፌቱ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም ትዕግሥት አጥቼ መሣሪያውን ተቀበልኩት። በሌላ ቀን ክር እንዲቆርጥልኝ መቀስ ሰጥቼው በግራው ሲሞክር ክሩ ሳይቆረጥ በሁለቱ ስለቶች መካከል ታጠፈ። መቀሱ ደንዝዟል አልኩ፤ በእኔ እጅ ግን ቆረጠ። ያን ጊዜ ጉድለቱን የልጁ አድርጌ አለፍኩት።

ስሕተቱ የእኔ ነበር። ተራ መቀስ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው። ቀኝ እጅ ሲጨብጥ አውራ ጣትና ሌሎቹ ጣቶች ሳያውቁት ወደ ጎን የሚያሳድሩት ግፊት ሁለቱን ስለቶች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። በግራ እጅ ሲያዝ ያው ተፈጥሯዊ ግፊት ስለቶቹን ያራርቃቸዋል፤ ክሩም ሆነ ሕብረ አካሉ ከመቆረጥ ይልቅ ይታጠፋል። የአርተሪ ፎርሴፕስና የመርፌ መያዣ ጥርስም እንዲሁ ነው፤ ቀኝ እጅ በቀላሉ የሚፈታውን ግራኙ ጣቶቹን ከልማዳቸው በተቃራኒ ገፍቶ መፍታት አለበት። ደም ሥር ላይ የተቆለፈ ፎርሴፕስ በትግል ሲፈታ ምን ሊከተል እንደሚችል ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ከሰው ልጆች ከአሥሩ አንዱ ያህል ግራኝ መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ የአንድ ልጅ ችግር ሳይሆን በየዓመቱ ወደ ሙያው በሚገባው ተማሪ መካከል የሚደጋገም ነው።

ያ ኢንተርን በኋላ ቀዶ ሕክምናን አልመረጠም። ምክንያቱ እኔ ነኝ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ አይደለሁም ለማለትም ድፍረት የለኝም።

ረጅሙ መሣሪያ

ጀርመናዊው ኤሪክ ሙኸ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ሙሬ ደግሞ በ1987 የሐሞት ከረጢትን በላፓሮስኮፒ ካወጡ ወዲህ የእጀታው ጥያቄ አዲስ ክብደት አግኝቷል። መሣሪያው ረዝሟል፤ በሆድ ግድግዳ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ስለሚያልፍ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ጣት የሚያሳድረው ኃይል በከፊል በመንገድ ይቀራል። በዚህ ሁሉ ላይ ግን የተገጠመለት እጀታ ያው የመቀስ ቀለበት ነበር። ውጤቱ ሳይዘገይ ታየ፤ በ1990ዎቹ የቀለበቱ ጠርዝ የአውራ ጣትን ነርቭ በመጫኑ ጎኑ የደነዘዘባቸው ሐኪሞች ጉዳይ በሕክምና መጽሔቶች መዘገብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1999 ማተርንና ዋለር የተባሉ ተመራማሪዎች ለእነዚህ መሣሪያዎች እጀታ መሠረታዊ መመዘኛዎችን አቀረቡ።

ከዚያ የተከተሉት ሁለት ጥናቶች በተለይ መጠቀስ አለባቸው። በርገርና ሬልያክ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጽሑፍ 726 ላፓሮስኮፒ የሚሠሩ ሐኪሞችን ጠይቀው፣ ስድስት ተኩልና ከዚያ በታች ጓንት የሚለብሱት መሣሪያዎቹን ለመጠቀም ይበልጥ እንደሚቸገሩ አሳይተዋል። ፓርክና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ከ317 ሐኪሞች መካከል 87 በመቶ ያህሉ አካላዊ ሕመም ወይም አለመመቸት እንዳለባቸው ተናግረዋል።

እነዚህን አኃዞች ስንጠቅስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለቱም መጠይቆች ናቸው፤ ሕመም ያለበት ሰው መጠይቅ ለመመለስ ይበልጥ ሊነሣሣ ይችላል፤ ሕመሙም ከእጀታው ብቻ ሳይሆን ከጠረጴዛው ከፍታ፣ ከስክሪኑ አቀማመጥና ከሥራው ርዝመት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ጥፋት በእጀታው ላይ መጫን ሳይንሳዊ አይሆንም። የጓንት ቁጥሩ ግኝት ግን በዚህ በቀላሉ አይፈርስም፤ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ተሰማርተው የእጃቸው መጠን ሲያንስ ችግራቸው የሚበዛ ከሆነ፣ ጉዳዩ የመሣሪያው መጠን ነው። ትንሽ ጓንት ከሚለብሱት መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ሐኪሞች መሆናቸው ሲታሰብ ደግሞ «ትለምጂዋለሽ» የሚለው ቃል ምን ያህል ሸክም ወደ ማን እንደሚያስተላልፍ ግልጽ ይሆናል።

«ኤርጎኖሚክ» የሚለው ቃል

የእነዚህ ጥናቶች ፍሬ ወደ ገበያ ሲወጣ ሌላ ችግር ተከተለ። ዛሬ «ኤርጎኖሚክ» የሚለው ቃል የማይለጠፍበት ካታሎግ የለም። ለስላሳ ሽፋን ማድረግ ወይም ቀለም መቀየር ብቻ እጀታን ለእጅ የተስማማ አያደርገውም። ደግሞም ብዙ ክፍተት፣ ስፕሪንግና ጎማ ያለው እጀታ ደም የሚደበቅበት ቦታ አለው፤ በእጅ ታጥቦ በአውቶክሌቭ በሚመለስበት ሆስፒታል ጎማው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ቆሻሻ ይይዛል። ቅድመ አያቶቻችን የእንጨት እጀታን የተዉት በዚሁ ምክንያት ነበር። ለእጅ ያዘነ መሣሪያ በሽተኛውን ከበከለ ትርፉ ኪሳራ ነው። ስለሆነም እጀታ የሚመዘነው በሁለት ሰዎች ዓይን ነው፤ በያዘው ሐኪምና በሚያጥበው ባለሙያ።

በእኛ ትሪ ላይ

በአገራችን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው በትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሥልጠና የተመረቁ የጤና ባለሙያዎች በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ሌሊትና ቀን እናቶችን በቀዶ ጥገና ያዋልዳሉ። ለእነርሱ ስለ አዲስ እጀታ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የእጀታው ችግር በብዛት የሚገጥማቸው በሌላ መልክ ነው፤ ማጠፊያው ዝጎ በሁለት እጅ የሚከፈት ፎርሴፕስ፣ ጥርሱ አልቆ መርፌ የሚያሽከረክር መርፌ መያዣ፣ ከልዩ ልዩ ልገሳ ተለቃቅሞ ቁመቱ የማይመሳሰል ትሪ። መንጋጋው መርፌውን ካልያዘ ጉድለቱን የሚሞላው ጣት ነው። የደከመ ጣት ደግሞ የሚሰፋው የማሕፀን ግድግዳ ነው።

ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ሐሳቦችን ለማቅረብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ መሣሪያዎች ከማሸግ በፊት ይፈተሹ። ፎርሴፕሱን በመጀመሪያው ጥርስ ቆልፎ ጥርሱን በጠንካራ ነገር ላይ ቀስ አድርጎ መምታት ይበቃል፤ ከተፈታ ለጥገና ይለይ። መርፌ መያዣ በሁለተኛው ጥርስ ተቆልፎ መርፌው በእጅ የሚዞር ከሆነም እንዲሁ። ማጠፊያው በውሃ በሚሟሟ ቅባት ይለስልስ፤ ተራ ዘይት እንፋሎቱን ስለሚከለክል አይመከርም።

ሁለተኛ፣ የግዥ ዝርዝር መግለጫ ሲዘጋጅ ከመንጋጋውና ከርዝመቱ ጋር የእጀታው ዓይነትና መጠን ይጻፍ፤ ናሙናውንም ትንሽና ትልቅ ጓንት የሚለብሱ ሐኪሞች፣ ስክራብ ነርሶችና የማምከኛ ክፍል ባለሙያዎች ይዘው ይሞክሩት። ቢያንስ በማስተማሪያ ሆስፒታሎች አንድ የግራኝ መቀስ፣ አርተሪ ፎርሴፕስና መርፌ መያዣ ይኑር።

ሦስተኛ፣ የላፓሮስኮፒ ጠረጴዛ እጀታው ከሐኪሙ ክርን ከፍታ ጋር እስኪመጣጠን ዝቅ ይበል፤ አጭር ቁመት ያለው ባለሙያ የሚቆምበት መረገጫ በክፍሉ ይቀመጥ። ይህ ምንም አዲስ መሣሪያ አይፈልግም።

አራተኛና ዋናው፣ አስተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ «በየትኛው እጅህ ትሠራለህ? የትኛውን ቁጥር ጓንት ትለብሻለሽ?» ከዚያም ቀለበቱን በጣት ጫፍ ብቻ መያዝን፣ በመዳፍ መያዝንና ጥርሱን በግራ እጅ መፍታትን እንደ ምሥጢር ሳይሆን እንደ ትምህርት እናስተምር።

እኔ ይህን ጥያቄ ለዚያ ኢንተርን አልጠየቅሁትም። ዛሬ ተማሪዎች ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲመጡ አስቀድሜ እጃቸውን አያለሁ፤ ባለፈው ወር ግራኝ የሆነች አንዲት ተማሪ መቀሱ ክሩን ሲያጥፍባት አቁሜ አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ እንድትስብ ነገርኳት። ክሩ ተቆረጠ። «ምን አደረግሁ?» አለችኝ። ለቀኝ እጅ በተሠራ መቀስ በግራ እጇ መቁረጧን ነገርኳት፤ ከእርሷ የሚጠበቀው ይህን ያህል ሲሆን፣ የቀረው ግን መሣሪያውን ከሚገዙትና ከእኛ ከአስተማሪዎቿ የሚጠበቅ ነው።